ሞተሯን የሚያጠፋው ባለቤቱ ነው

ከሃያ ዓመት በላይ ለሬዲዮ የፖሊስና የፍርድ ቤት ዜና ስሠራ ኖሬአለሁ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰይጣን ገፋፋኝ ያለ ተከሳሽ ሞልቶ ነበር፣ ሰይጣኑን በምስክርነት ያቀረበ ግን አንድም አልገጠመኝም። የመንፈስና የዓይነ ጥላ ወሬ ሲነሳ ማን አየ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ሌላስ ማን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ፣ ወሬውም እዚያው ይሞታል። አሁን የምነግራችሁን ነገር በእነዚሁ ጥያቄዎች ሦስት ዓመት ሙሉ መርምሬዋለሁ፣ አልሞተልኝም። እንዲህ ያለው ነገር በጨለማ ነው የሚሆነው እንዳትሉኝ፣ የእኔው የሆነው በግንቦት ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ ልጅ በደረጀ ነው። ደረጀ ከቡታጅራ ወዲያ ገበሬ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ቀልድ ይወዳል፣ ቃሉን ግን እንደ ዕዳ ይቆጥራል። እሱና ሦስት ጎረቤቶቹ አዋጥተው ያገለገለ ትራክተር ሊገዙ ተስማሙ፣ መራጩ እሱ ሆነና እኔ ጋ ጀሞ ኮንዶሚኒየም መጥቶ አረፈ። ክረምቱ ደርሷል፣ ትራክተር ሳይዝ ከተመለሰ የአራት ቤት መሬት ጦም ሊያድር ነው።

«ትራክተር ስትገዛ ብረት አይደለም የምትገዛው ጋሼ» አለኝ እራት ላይ፣ «ተዋሽ ነው የምትገዛው። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ በርህ ላይ ነው።»

«እምቢ በላቸው።»

«ትራክተር ይዞ እምቢ ያለ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?»

ከዚያ የአገሩን የውሰት ሥርዓት አስረዳኝ፣ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ሰው ትራክተር ሲዋስ ባለቤቱ ራሱ አስነስቶ፣ ሁለቱም የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ነው የሚረካከቡት። ተዋሹ ሲመልስ ማረሻውን አጥቦ፣ ናፍጣውን በተቀበለበት ልክ ሞልቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይዞ ይገባል፣ ባለቤቱ ይወጣና ያዳምጣል፣ ጤነኛ ከሆነች በገዛ እጁ ያጠፋታል፣ ውሰቱ ያን ጊዜ አለቀ ይባላል። ተዋሹ ራሱ አጥፍቶ ከመለሳት የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። የድሮ ትራክተር እንደ መኪና በቁልፍ አይጠፋም፣ መሪው ሥር ማጥፊያ የምትባል በሽቦ የታሰረች እጀታ አለች፣ እሷን ስትስብ ናፍጣው ይቋረጣል፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ብትከት ሞተሩ ደንታ የለውም።

«አንተ ዘንድ የጓዳህን መብራት ማን ያጠፋል?» አለኝ።

«የመጨረሻ የወጣው።»

«እኛ ዘንድ ባለቤቱ ነው» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜካኒክ በኋላ እንዲመጣልን ቀጥረን፣ ሀና ማርያም ሄድን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያገለገሉ ትራክተሮች ይሸጣሉ። ሻጩ ጋሽ ግርማ ይባላል፣ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የጎደለው፣ ሲያወራ ግን በዚያው እጁ የሚያመለክት ሰው ነው። ሦስት ትራክተር ነበረው፣ ደረጀ ሁለቱን አልፎ ቀዩዋ ጋ ቆመ፣ ዘይቷን በጣቱ አሻሽቶ አየ፣ ጎማዋን በተረከዙ መታ፣ ከሥሯ ተኝቶ ወጣ።

«የሰዓት ቆጣሪዋ ቆሟል» አለ አቧራውን እያራገፈ።

«ቆጣሪው ያልቆመ ያገለገለ ትራክተር ካገኘህ ጥራኝ፣ እኔም እገዛዋለሁ።»

«ቀለሙስ? ትናንት የተቀባ ነው።»

«ሙሽራ ሳትኳል ትዳራለች?»

ደረጀ ሳቀ፣ ሻጭ እንዲህ ሲመልስለት ደስ ይለዋል። ጋሽ ግርማ ከማዶ ያልተሠራበት ባዶ ቦታ እንዳለ ነገረውና ወስደህ ሞክራት አለው፣ ራሱ ወጥቶ አስነሳት፣ ጥቂት አዳመጣትና ወርዶ ወንበሩን ለቀቀለት። ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ በቅንድቡ ጠቀሰኝ፣ ይኸው ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አገኘን ማለቱ ነው። ወሰዳት፣ አንድ ሰዓት ያህል አርሶባት ተመለሰ፣ ማረሻውን በር ላይ ካለው ቧንቧ አጠበ፣ ሞተሯን ሳያጠፋ ግቢው መሐል አቁሞ ወረደና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ጋሽ ግርማ፣ ያጥፉልኛ።»

«ትሥራ፣ ሜካኒካችሁ ይስማት።»

«ከሰማት በኋላስ?»

«የናፍጣውን መዝጊያ እዘጋለሁ፣ ስትጨርስ በራሷ ጊዜ ትቆማለች» አለና ፊቱን አዞረ።

ደረጀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ባለቤት ሆኖ የማያጠፋ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ። እኔ ግምት ውስጥ አልከተትኩትም፣ የሽማግሌ ፈሊጥ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሜካኒኩን እየጠበቅን ሁለት ነገር አስተዋልኩ፣ ያኔ ለእኔ ቁም ነገር አልነበሩም፣ ግን ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ ጻፍኳቸው። አንደኛው ድምፅ ነው። ከሞተሩ ድምፅ ሥር ሌላ የሚመታ ነገር ነበር፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ብረት ብረትን ሲመታ አይመስልም፣ ብረት ሥጋን ሲመታ ነው የሚመስለው፣ ይህን የምለው ቄራ በር ላይ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። ሁለተኛው፣ ደረጀ የውሃ ጠርሙሱን ክፍት እንደሆነ ጭቃ መከላከያዋ ላይ አስቀምጦታል፣ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፣ እጄን ሳሳርፍበት እስከ ክርኔ ይነዝረኛል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን እንደ ጉድጓድ ውሃ ረግቶ ቀጥ ብሏል። ሁለት ጊዜ አየሁት። እመኑኝ፣ ውሃው አልተንቀሳቀሰም።

ሙላቱ መጣ። ሙላቱ መካኒሳ አቦ አጠገብ ጋራዥ ያለው፣ መኪናዬን አሥራ አምስት ዓመት የሠራልኝ ሰው ነው፣ ሰዎች ሲጣሉ ካየ መንገድ ይቀይራል፣ ደንበኛ ሲሰድበው «ልክ ነህ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። የመሣሪያ ቦርሳውን አወረደ፣ ሰላምታ ሰጠን፣ ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ አውጥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ሜካኒኮች እንዲህ ነው የሚያዳምጡት፣ የትኛው ብረት እንደታመመ በዚያ ዘንግ በኩል ይሰማቸዋል።

«ምን ትላለች?» አልኩት።

«ቆይ።»

ብዙ ቆየ። ደረጀ የተንጠባጠበ ዘይት አይቶ ከአጠገቡ በርከክ ብሎ ከሥሯ ይመለከታል። ሙላቱ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ሰው ሥራ እንደሰጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀና «እሺ» አለ። ካቻቢቴውን በጥንቃቄ ሞተሩ ላይ አስቀመጠው፣ ከቦርሳው ትልቁን ቺያቬ መረጠ፣ መረጠ ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ትንሽ አንስቶ ከመዘነው በኋላ መልሶታል። ከዚያ ደረጀን መታው።

የመጀመሪያው ትከሻውን ሰበረው። ሁለተኛው ከጆሮው በላይ አረፈና ቆዳው እንደ ተቀደደ ኪስ ወደ ታች ተገለበጠ፣ ሦስተኛው የጀርባ አጥንቱ አጠገብ ገባ። ከዚያ ሙላቱ ቆመ። እንደገና ሦስት ጊዜ መታው፣ አንዱ ክንዱን፣ አንዱ ጎኑን፣ ደረጀ ተንከባሎ ስላመለጠ የመጨረሻው የጎማውን ብረት አገኘ። ፊቱ ላይ ምንም ቁጣ የለም፣ ላቡን በእጅጌው የሚጠርግበት አኳኋን የዛገ ብሎን እንደሚፈታ ሰው ነው። ከኋላው አንገቱን ያዝኩት፣ በክርኑ አፌን መታኝ፣ የላይኛው ጥርሴ ምላሴ ላይ ተቀመጠ፣ አልለቀቅኩትም። ጋሽ ግርማ የአካፋ እጀታ ይዞ ሮጦ መጣና የሙላቱን ክንድ መታው፣ ቺያቬው ወደቀ፣ ሙላቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ገልብጦ ገልብጦ ያየው ጀመር።

«ምን አደረግኩ?» አለ። «ማነው የሚጮኸው?»

የሚጮህ ሰው አልነበረም። ደረጀ ጎማውን ተደግፎ ነበር፣ ደሙ በዓይኑ ላይ ወርዶ አንገትጌው ውስጥ ይገባል፣ «ጋሼ፣ ጋሼ» ይላል። ጋሽ ግርማ መኪና ላምጣ ብሎ በበሩ ወጣ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሰው እየደማ ሳለ ማድረግ የነበረብኝ ሸሚዜን አውልቄ ጭንቅላቱን ማሰር ነው፣ ብዙ አደጋ ዘግቤአለሁ፣ አውቀዋለሁ። ግን ካቻቢቴው ሙላቱ እንዳስቀመጠው ሞተሩ ላይ ነበር፣ ሞተሩም ይሠራል፣ እኔም አንድ ሰው ምን ሰምቶ እንዲህ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ሁለት ሰኮንድ ብቻ ነው አልኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

የሰማሁት ድምፅ የራሴ ነበር። ስቱዲዮ ገብቼ ዜና ሳነብ የማወጣው፣ ባለቤቴ ስትቀልድ «የሹመት ድምፅህ» የምትለው። እየተጣደፈ አልነበረም። «ደረጀ የተባለው ግለሰብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በብረት ተደጋግሞ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል» አለ፣ ቀጠለ፣ «ተጠርጣሪው የሟች የቅርብ ዘመድ ሲሆን በሙያው ጋዜጠኛ ነው።» ተጨማሪ ዝርዝር ነበረው፣ የተመታበትን ቦታ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታ። ዜናው በደንብ የተጻፈ ነው፣ አርታኢ ብሆን የማወጣለት ቃል የለም። ያስደነገጠኝ ምን መሰላችሁ፣ ምንም አለመደንገጤ ነው። ውስጤ ጥላቻ አልነበረም፣ ደረጀን እወደዋለሁ፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው። የነበረኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፣ ዜናው ተነቧል፣ እኔ በሕይወቴ እውነት ያልሆነ ዜና አንብቤ አላውቅም፣ ስለዚህ እውነት መሆን አለበት።

በመሐል ያለውን አላስታውስም። ቀጥሎ የማውቀው ከደረጀ ጀርባ መቆሜን ነው፣ እሱ ጎማውን ይዞ በአንድ እጁ ለመነሳት ይታገላል፣ ደሙ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ ቺያቬው ከራሴ በላይ ነው፣ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፣ ክብደቱ እንኳ ደስ ይላል፣ የምመታበትን ቦታ መርጬአለሁ፣ ቆዳው የተገለበጠበት ጋ ነው።

ደረጀ እጁን ዘርግቶ መሪው ሥር በዳበሳ ፈለገ፣ ማጥፊያዋን አገኛትና ሳባት።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንፈራግጦ ቆመ። ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። እጄ ቁልቁል ወረደ፣ በራሱ ነው የወረደው፣ ብረቱን ግን አልለቀቅኩም።

«ጋሼ፣ ምን እያልክ ነበር?» አለኝ ደረጀ ፊቱን ወደ እኔ እያዞረ። «ታወራለህ፣ ታወራለህ፣ በሞተሩ ጩኸት አንዱም አልሰማህ አለኝ። ለዚያ ነው ያጠፋኋት፣ ነውር ቢሆንም።»

በእጅጌው ዓይኑን ጠረገና ቺያቬውን እጄ ላይ አየው። «ከእሱ ቀማኸው? ጌታ ይባርክህ» አለኝ።

ጋሽ ግርማ ባጃጅ ይዞ ገባ። የቆመችውን ትራክተር አየ፣ ደረጀን አየ፣ «ማን አጠፋት?» አለ።

«እኔ» አለ ደረጀ።

ጋሽ ግርማ አጥሩን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔና ባጃጁን የሚነዳው ሰው ነን ደረጀን ያነሳነው።

ክሊኒክ ወሰድነው፣ ጭንቅላቱ በአሥራ ዘጠኝ ስፌት ተሰፋ፣ ትከሻው ታሰረ። ከክሊኒኩ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ጋሽ ግርማ ታሪኩን ነገረኝ። ትራክተሯ የእሱ አልነበረችም፣ የጓደኛው ነበረች፣ ለሦስት ቀን ነበር የተዋሳት። በአራተኛው ቀን ሞተሯን ሳያጠፋ ይዞለት ገባ፣ ጓደኛው ሊያጠፋት ወጣ፣ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ከዚያ ዞረና በመጥረቢያ መጣብኝ» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት በአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን። ሁለት ጣቴን ወሰደ። አካፋ አገኘሁ። መታሁት፣ አይወድቅም፣ መታሁት፣ መታሁት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት ፍርድ ቤት ነው የነገረኝ።»

«ሞተሯስ?»

«ትሠራ ነበር። ፖሊስ መጥቶ ቁልፉን ነቀለ፣ አልጠፋ አለችው፣ ሬሳውንና እኔን ይዞ ሄደ። ናፍጣዋ እስኪያልቅ ሌሊቱን ስትሠራ አደረች። ሚስቱ አላይም አለች፣ ሊብሬውን ፈርማ ላከችልኝ። ባለቤቷ ሳያጠፋት የቀረች ነች። እኔ ምኔ ነች ብዬ አጠፋታለሁ?»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ሌሎች ሁለት ሜካኒኮች አዳምጠዋታል፣ ምንም አልሆኑም። ብነግርህ ደግሞ፣ አንተ ነህ የምታምነኝ?»

በሳምንቱ ሄጄ መዝገቡን አወጣሁ፣ ማጣራት ሥራዬ ነው። የነገረኝ ሁሉ ተጽፏል፣ ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተሰናብቷል። ሙላቱን ደረጀ ሳይከስሰው በሽማግሌ አለቀ፣ ጋራዡን ዘግቶ አቦ ጠበል ሰነበተ። ምን እንደሰማ ስጠይቀው የራሱን ድምፅ እንደሰማ ነገረኝ፣ ለደንበኛ መኪና ሲያስረክብ የሚለውን፣ «ጨርሼዋለሁ፣ መጥተህ ውሰደው»።

ደረጀ ትራክተሯን ገዛት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አክስቴን አስደወልኩበት።

«አጥፍቻታለሁ ጋሼ፣ በእኛ ሥርዓት የሚያጠፋው ባለቤቱ ነው» አለኝ፣ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ። «በኢየሱስ ስም ጸልየንባታል። ደግሞ አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ማስረጃህን አምጣ።»

ማስረጃዬ አንድ ነበር፣ ቺያቬውን ከሙላቱ አልቀማሁትም፣ ከመሬት ነው ያነሳሁት የሚል። አላመጣሁትም። እሱ በየሄደበት ሕይወቱን እንዳተረፍኩለት ያወራል፣ አክስቴ ሙክት ልካልኛለች፣ በልተነዋል።

ለራሴ ያልሰጠሁት ማብራሪያ የለም። የሞተር ጭስ ነው ብያለሁ፣ ድንጋጤ ነው ብያለሁ፣ የተነቀለው ጥርሴ ሕመም ነው ብያለሁ፣ ብዙዎቹ ሰኞ ጠዋት ላይ አጥጋቢ ናቸው። ትራክተሯም እስካሁን አንድ ሰው አልጎዳችም፣ ደረጀ ለመንደሩ ሁሉ ያውሳታል፣ ራሱ ያስነሳታል፣ ራሱ ያጠፋታል፣ ሦስት ክረምት አርሰውባታል።

ከሰማሁት ዜና ግን አንድ ቃል ዘልያለሁ፣ እዚህም እስካሁን ዘለልኩት። ድምፁ ያለው «ደረጀ የተባለው የአርባ አንድ ዓመት ግለሰብ» ነው። ደረጀ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ይህች ስሕተት ለረጅም ጊዜ መጽናኛዬ ነበረች፣ እኔ ዕድሜ ተሳስቼ አንብቤ አላውቅምና ድምፁ የእኔ ሊሆን አይችልም እል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደመርኩ።

ባለፈው መስከረም አርባ አንድ ሞላው። ለመስቀል ና አለኝ፣ ሥራ በዛብኝ አልኩት። ለገና ና አለኝ፣ አመመኝ አልኩት። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ እሱ ያስቀየመኝ እየመሰለው ነው። ትናንት ማታ ደወለ።

«አንተ ካልመጣህ እኛ እንመጣለን» አለኝ እየሳቀ። «ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል፣ በጭነት መኪና አስጭኜ ለእድሳት ላመጣት ነው። ሁለት ቀን ጀሞ አንተ በር ላይ ትቁምልኝ፣ ይከፋሃል?»

ምን ልበለው? ጀሞም ያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ትሰማለች።

«ኧረ ምን ገዶኝ፣ ና» አልኩት።